ማሜ አራባን ያስቀናት ዜማ

እናታችን ስንል ማሜ የምንላት አራባ ኤጂርባ ቅናቷን ደብቃ አታውቅም። ሌላ ሴት ብትሆን ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ ብላ ታሳብብ ነበር። አራባ ግን ዓሣ ማጨሻ ምድጃዋ ፊት ቆማ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስነባት፣ "ቀንቻለሁ" አለች፤ "እግዚአብሔርም ይየኝ፣ ሰውም ይየኝ፣ ቀንቻለሁ።" እንዲህ በአደባባይ የሚቀና ሰው ማግኘት ዕድል ነው። ብዙው ሰው ቅናቱን አምቆ ይይዝና ሲሻግት ምክር ነው ብሎ ያወጣዋል።

ነገሩ የሆነው እዚሁ አምፔንክሮ፣ ባሕሩ ዳር፣ በእኛ በፋንቴዎቹ ከተማ ነው። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ጀልባ አይወጣም፤ እሑድ ደግሞ እኛ የምናርፍበት ነውና ከሜቶዲስት ጸሎት ቤታችን የሚቀር የለም። የሰከረም ቢሆን መጥቶ ከኋላ ይተኛል።

በእኛ ጸሎት ቤት ሰባኪ ብቻውን አይሰብክም። እሱ እየሰበከ ቃሉ የአንዲቷን እናት ልብ ከነካ፣ ከተቀመጠችበት ዜማ ታነሣለች። ዜማው መጽሐፍ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ልምምድ የለው። ሰባኪው የያዘውን ታሪክ ከአፉ ተቀብላ በዜማ ታወጣዋለች፤ እናቶች ይቀበሏታል፣ ከእናቶች ቤቱ በሙሉ ይቀበላል። ሰባኪው ጳጳስም ቢሆን አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ሲያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የት እንዳቆመ የሚጠፋውም አለ። አውጪዋን የሚመርጥ ኮሚቴ የለም። "ተጠራች" ይባላል፣ በቃ። የተጠራ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። ላወጣ ሰው አለመቀበል የሚባል ነገር አናውቅም። ጀልባ በማዕበል ላይ ሆና ገመድ ሲወረወርላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንደመቆም ነው።

አራባ የተጠራችው በወጣትነቷ ነው። የበኩር ልጇን ከቀበረች ገና ወራት ነበር። ሰባኪው ስለ አጋር ያወራል፤ ውኃው ሲያልቅባት ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር አስተኝታ፣ ሲሞት እንዳታይ ዘወር ብላ ስለተቀመጠችው። አራባ ማንበብ አትችል፣ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅ። "አፌን ከፈትኩት አልልም" ትላለች እስካሁን፤ "ተከፈተብኝ።" ያን ቀን ያወጣችውን ዜማ የሰሙ ሰዎች ወንዶቹ ሳይቀሩ ሲያለቅሱ እንደነበር ይናገራሉ።

ከዚያ ወዲህ አውጪያችን እሷ ሆነች። ለሷ ብሎ ከኬፕ ኮስት ድረስ የሚመጣ ሰባኪ ነበር፤ ለሷ ብሎ የሚቀርም ነበር፤ ምክንያቱም ስብከቱ ባዶ ከሆነ ዝም ትለዋለች፣ የአራባ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይከፋል። አንድ ጎልማሳ ሰባኪ ዝም ስትለው ደንግጦ ስብከቱን ከመጀመሪያው እንደገና ጀምሮታል። ጥሪዋን የምታየው እንደ ጥርሷ ነበር፤ የራሷ፣ ማንም ተበድሮ የማያኝክበት።

ታዲያ ኤሲ ብሬዱዋ መጣች።

ኤሲ በጋብቻ የመጣች ልጅ ናት። መኪና መናኸሪያው ጥግ ቦፍሮት ትጠብሳለች፤ ያ ድቡልቡል ጣፋጭ ሊጥ። ሳቋ ከመናኸሪያው ተነሥቶ ጀልባ ማሰሪያው ድረስ ይሰማል። ከማግባቷ በፊት ባንድ የሚጫወትበት መጠጥ ቤት ታስተናግድ ነበር ይባላል፤ የሚባለውም በአራባ ነው። ድምፅዋ ደግሞ የተሰነጠቀ እንስራ።

አንድ እሑድ ኦሶፎ የምንላቸው ፓስተራችን ኤኑሰን አንድ ልጇ ስለሞተባት መበለት ሲሰብኩ፣ አራባ እንደ ልማዷ መሐረቧን አውጥታ ከንፈሯን ጠረገች። ይህን ስታደርግ ሁላችንም እንስተካከላለን፤ ዜማ እየመጣ ነው ማለት ነው። መሐረቡ ገና ከንፈሯ ላይ እያለ ከኋላ አግዳሚ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ተነሣ። መበለቲቱ ቃሬዛውን ይዘው ለሚሄዱት ሰዎች "ቀስ በሉ፣ አንቀላፍቶ እንደሆነስ" ስትላቸው ነበር ዜማው። ቤቱ ተናወጠ። አራባም ተቀበለች፣ ወግ ነውና። ግን የተቀበለችው ጥርሷን ነክሳ ነው።

በማግስቱ ምድጃው ጋ፣ ጎረቤቷና ጓደኛዋ ኤፊሪባ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ከወንፊቱ ላይ ትደረድራለች።

"ድምፅዋን ሰማሽው?" አለች አራባ።

"ሰማሁት።"

"እንዴት ነው?"

"የተሰነጠቀ ነው።"

"ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?"

"እኔ አላለቀስኩም።"

"ኤፊሪባ፣ የተቀመጥሽው አጠገቤ ነው። ዓይንሽን የጠረግሽው በኔ መሐረብ ነው።"

ኤፊሪባ አንድ ዓሣ ገለበጠች። "ጭስ ይሆናላ" አለች።

"ጸሎት ቤት ውስጥ?"

ልጅቷ በዚያ ብታቆም ነገሩ ይረሳ ነበር። አላቆመችም። በየእሑዱ ባይሆንም አንዳንዴ አራባን ትቀድማለች፣ አንዳንዴ አራባ ዝም ባለችበት ስብከት ላይ ታወጣለች፤ ይህ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። እኔ ባዶ ነው ያልኩትን እሷ ከየት አምጥታ ትሞላዋለች? አራባ ቦፍሮት ነፍሷ ነበር፤ መብላት ተወች። ሌላ ሰው ሲበላ እንኳ "ዘይቱ የከረመ ነው" ትላለች። ልጅቷ በስውር የምትለማመድ እንደሆነ ብላ መናኸሪያው ጋ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ኤሲ ሊጧን እያድበለበለች የጭፈራ ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ እሱንም ዜማውን እየሳተች።

መጨረሻ ላይ ምርጥ ምርጡን የተጨሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ኦሶፎ ኤኑሰን ቤት ሄደች። ኦሶፎ በዕድሜ ከልጆቿ ታናሽ ናቸው፤ ቢሆንም ማዕረግ ማዕረግ ነው።

"ኦሶፎ፣ አንድ ጸሎት ቤት ላይ ሁለት ደወል ተሰቅሎ አይተው ያውቃሉ?"

"የኬፕ ኮስቱ ሦስት አለው፣ ማሜ።"

"እንግዲያው ደወሉን ይተዉት። ያቺን ልጅ ዝም በይ ይበሉልኝ።"

"ምን አጠፋች?"

"ሳትጠራ ታወጣለች።"

"እንዳልተጠራች በምን አወቁ?"

"የተጠራሁት እኔ ነኛ።"

"የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው?"

"እዚህ አዎ። ከተማዋ ትንሽ ናት።"

ኦሶፎ ሳቃቸውን ዋጡ። "ማሜ፣ እኔ ተጠርቻለሁ ስል ሲኖዶሱ መርምሮ ወረቀት ሰጥቶኛል። የሊቀ መንበሩ ፊርማ አለበት፣ የጸሐፊው ፊርማ አለበት። የእግዚአብሔርን ፊርማ ግን አገላብጬ አጣሁት። አንዳንድ ሰኞ ጠዋት እፈልገዋለሁ። ለእርስዎስ ማን ፈረመልዎት?"

"ማንም። አፌ ተከፈተ።"

"የሷም ተከፈተ እኮ።"

"የሷ መች ተዘግቶ ያውቃል?"

ኦሶፎ ከዚህ በላይ መዋጥ አልቻሉም፣ ሳቁ። አራባ ተነሣች። ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣችና በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ ግማሹን ወሰደች።

ግማሹ የሄደው ንባብ ለሚያነቡልን ለሽማግሌው ወንጌላዊ ለኤጃ ኮቢና ነው፤ አባት የሆነውን ሁሉ ኤጃ እንላለን። ንባቡን አስቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

"ኤጃ፣ የፊታችን እሑድ ኦሶፎ ምን ላይ ነው የሚሰብኩት?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ልዘጋጅ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "አራባ፣ አንቺ መቼ ተዘጋጅተሽ ታውቂያለሽ?"

"እርጅና መጣ፣ ኤጃ።"

"እርጅናማ እኔ ጋ ነው ያለው" አሉ፤ ግን ዓሣው ይሸታቸዋል። "ሳሙኤል ነው። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ የተጠራበት።"

አራባ ሳምንቱን ሙሉ ሳሙኤልን አጨሰችው። እንጨት ስትማግድ ሳሙኤል፣ ዓሣ ስትገለብጥ ሳሙኤል። ያወጣችው ዜማ ሽማግሌው ዔሊ ለልጁ የሚለው ነበር፤ "ተመለስና ተኛ ልጄ፣ እኔ አልጠራሁህም፤ ድምፁ የኔን ቢመስልህ፣ እኔም ድሮ ነው የሰማሁት።" ኤፊሪባ ማጨሻዋን ትታ መጥታ አዳመጠች። ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጣል አለች፤ እውነቷን ነው። ክፋቱም እሱ ነው፤ ዜማው ድንቅ ነበር።

ቅዳሜ ባሕሩ ተቆጣ። የኤጃ ኤብዋም ጀልባ ሳትመለስ ቆየች። ሰው ሁሉ አሸዋው ላይ ቆሞ ዋለ፣ ሊመሽ ሲል ጀልባዋ ብቅ አለች፤ መረባቸውንም የያዙትንም ዓሣ ሁሉ ወደ ባሕር ጥለው፣ ራሳቸውን ብቻ ይዘው። አራባም አሸዋው ላይ ነበረች። ከሰው ጋር ጮኻለች፣ ከሰው ጋር እልል ብላለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ተመልሳ ወደ ሳሙኤሏ።

እሑድ ኦሶፎ መጽሐፉን ሲገልጡ የገለጡት ዮናስን ነው። ሌላ ምን ሊገልጡ ነበር? የጀልባዋ ሰዎች እጃቸው በገመድ ተልጦ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማዕበሉ፣ መርከበኞቹ ጭነታቸውን ወደ ባሕር ሲጥሉ፣ እያንዳንዱ ወደ አምላኩ ሲጮህ፤ ቤቱ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ሁሉም ሰው ያዳምጣል፣ ከአራባ በቀር። አራባ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ዜማዋን አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዛ፣ የምትጠብቀው ኤሲን ብቻ ነው። ዛሬ አትቀድመኝም ብላለች። እና ኤሲ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ አየች። ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ነው። አራባ ግን ብድግ አለች።

"ተመለስና ተኛ ልጄ፣ እኔ አልጠራሁህም!"

ድምፅዋ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ የማይንቀጠቀጥ። ቤቱ ተያየ። ወግ ነውና ተቀበልን፤ እየተቀበልንም እንተያያለን። ኦሶፎ መስበኪያው ላይ ቆመው ባሕሩ መሐል ከተንጠለጠሉት መርከበኞች ጋር ይጠብቃሉ። የጀልባዋ ሰዎች ጣሪያውን ያያሉ። አራባ ሁለተኛውን ስንኝ አውጥታ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነው የገባት። ማቆም አይቻል፤ ሳሙኤልን እስከ መጨረሻው አስተኝታ ተቀመጠች። ዘወር ስትል ኤሲ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ትስቃለች።

ሰኞ ዓሣ ገዢዎቹ ጉድ አፈሉባት።

"ማሜ አራባ፣ ሳሙኤል ከዓሣው ሆድ ወጣ?"

"ወጥቶ አንተን ፍለጋ ሄዷል" ትላለች፤ "ዓይንህ ሲፈዝ አይቶ ዔሊ መስለኸው።"

"ወይስ አብረሽ አጨስሽው? ይቺ ደህና ወፍራም ናት፣ ምናልባት ውስጧ ይኖር ይሆናል።"

"ግዛትና ቤትህ ቅደዳት። ካገኘኸው ስበክበት።"

በአፏ ማንም አላሸነፋትም። ምድጃው ሲበርድና ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ኤፊሪባ አጠገብ ተቀመጠች። "ያኔ በአጋር ጊዜ አልተዘጋጀሁም" አለች። "ከዚያም ወዲህ አንድም ቀን። የትናንቱን ራሴ ጠርቼ ራሴ አቤት አልኩ። ያምርም ነበር፣ አይደል?"

"በጣም ያምር ነበር።"

"እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ካማረማ የድሮዎቹም የራሴ ቢሆኑስ? መች ነው የተጠራሁት፣ መች ነው ዘፋኝ ብቻ የሆንኩት? ልጅቷ ድምፅ እንኳ የላትም። ድምፅ የሌለው ሰው ካወጣ ሌላ ምን ይባላል፤ ተጠርቶ ነው።" ከዚያ ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። "ሳቀችብኝ እኮ።"

ኤፊሪባ የያዘችው ይህን የመጨረሻውን ነው። ጥሩ ጓደኛ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። ዓሣ አጫሾቹን ሁሉ በየምድጃቸው ዞረች። የፊት አግዳሚዎች የነሱ ናቸው፤ ዜማ መጀመሪያ የሚቀበሉት እነሱ፣ ቤቱ የሚከተለው እነሱን ነው። "ያቺ ልጅ ብታወጣ አፋችንን እንዘጋለን" ተባባሉ። አንጠልጥለው ሊተዉአት! በአምፔንክሮ ሆኖ አያውቅም። ለአራባ ሲነግሯት እሺም እንቢም አላለችም። ልቧ ግን በደስታ እንደ ሸንኮራ ጣፈጠ፤ ይህንንም አልደበቀችም።

የዚያን እሑድ ኦሶፎ የሰበኩት መንገድ ዳር ስለሚለምነው ዕውር ስለ በርጤሜዎስ ነው። ማረኝ እያለ ሲጮህ ሕዝቡ ዝም በል ይለዋል፤ እሱ ይብስ ይጮሃል። አራባ ምንም አልተዘጋጀችም። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ የኤሲን ውርደት መጠበቅ። ስለዚህ ሌላ የምታደርገው ስለሌላት ስብከቱን አዳመጠች።

ኤሲ አወጣች። "ዝም በል አሉኝ፣ እኔ ግን ባየሁ፤ ዝም በል አሉኝ፣ እኔ ግን ባየሁ።" እና እንደ ወጉ አቁማ ጠበቀች።

የተቀበላት የለም።

ጸሎት ቤታችን ውስጥ ባሕሩ እንደሚሰማ ያን ቀን ነው ያወቅነው። የኋላዎቹ የፊቶቹን ያያሉ፣ ፊቶቹ እግራቸውን ያያሉ። ወንዶቹ እናቶች ሳይጀምሩ አይጀምሩም። ኤሲ ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ያ ስንጥቅ ድምፅዋ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። ያቺ ሳቂታ ልጅ በዕውሩ ቦታ መንገድ ዳር ቀረች፣ እኛ ደግሞ ሕዝቡ ሆንን። ኦሶፎ ሁሉ ነገር የገባቸው ይመስለኛል፤ መስበኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቀሩ።

አራባ በኋላ እንደነገረችን፣ ያቺን ደቂቃ እየቆረጠመች ታጣጥማት ነበር። ጥርሷን ገጥማለች፤ መሐረቧም ኪሷ ውስጥ ነው። እና አፏ ተከፈተባት።

"ተነሽ፣ አይዞሽ፣ አንቺን ነው የሚጠራው!"

ዜማ እንኳ በወጉ አልነበረም፤ ጩኸት ነበር ግማሹ። ኤፊሪባ እባብ እንደነካት ዞር ብላ አየቻት። አራባ ግን ቆማለች፣ ፊቷ በንዴት ጠቁሯል፣ አፏ ግን "ተነሽ፣ አይዞሽ" ይላል። ኤሲ ያዘችው። ጀልባና ገመድ ተገናኙ። ከዚያ የፊት አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ ነጫጭ መሐረቦች ተነሡ፣ የኋላዎቹ ገቡ፣ የጀልባዋ ሰዎች በዚያ በተላጠ እጃቸው ያጨበጭባሉ። ዜማው እንዴት እንዳለቀ የሚያስታውስ የለም። ኦሶፎም የት እንዳቆሙ ጠፍቷቸው "አሜን" ብለው ወረዱ፤ እኔ እንዲያ ያማረ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ውጭ፣ ኮኮናቱ ሥር፣ ኤሲ እየተጣደፈች መጣች።

"ማሜ..."

"አታመስግኚኝ" አለች አራባ። "ከፍ አድርገሽ ጀመርሽው። እኛ አሮጊቶቹ እዚያ ድረስ እንድንወጣ መሰላል ይዘሽልናል?"

"እሺ ማሜ። ዝቅ አደርገዋለሁ።"

"ደግሞ ያን ጊዜ ሳቅሽብኝ።"

"ሳቅኩ ማሜ፤ ይቅርታ። ዮናስ እንቅልፉን ተኝቶ ሳለ ሳሙኤል መጥቶ ሲቀሰቅሰው ታየኝና አልቻልኩም።"

የአራባ ከንፈር ጥግ ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። "ሂጂ" አለቻት፤ "ሊጥሽ ይቦካብሻል።"

ኤፊሪባ ኤሲ እስክትሄድ ጠብቃ ነበር። "ተስማምተን አልነበር እንዴ?"

"እናንተ ናችሁ የተስማማችሁት።"

"ለምን ተቀበልሻት?"

"ተጠራሁ።"

"የሚጠራው ለማውጣት ነው እንጂ ለመቀበልም ይጠራል እንዴ?"

"እኔም አላውቅም ነበር። ግን ያው የአጋር ጊዜው ነው፣ አልሳሳተውም። አፌ እኔን ሳያስፈቅድ ተከፈተ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ጊዜ ጠብቄ መጣ፤ ሲመጣ ግን ለሷ። በከተማው ስንት የታመመ፣ ስንት ሐዘንተኛ እያለ፣ ወደሷ።"

"ታዲያ ቅናቱስ ለቀቀሽ?"

"የት ይሄዳል? ቤቱ እዚህ ነው።"

እውነቷን ነበር፣ አልለቀቃትም። ዛሬም ሁለቱም ያወጣሉ። አራባ ቦፍሮቱን መብላት ጀምራለች፣ ዘይቱን እየተሳደበች። ኤሲ ያወጣች እንደሆነ ግን መጀመሪያ የምትቀበለው አራባ ናት፤ ማንም ሳይቀድማት፣ ፊቷን እንዳጨፈገገች፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ።